ኅዳር ሲታጠን የማን ስም ይነሣል?

መታሰቢያ በተባለ ቁጥር በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚታየው የጦር ጀግና ነው። ፈረስ፣ ጦርና ጋሻ፣ የተመዘዘ ጎራዴ፣ ከፍ ያለ መደብ፤ ቀራጺው መሮውን ሳያነሣ ገና ቅርፁ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ጠላቱ ይታወቃል፤ የወደቀበት ቀንና ስፍራ ይታወቃል፤ የሞተለት ዓላማም ይነገርለታል። በወረርሽኝ የሞተ ሰው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ጠላቱ በዓይን አይታይም። የሞተውም በአልጋው ወይም በመደቡ ላይ፣ አንዳንዴም የሚያነሣው ጠፍቶ በደጃፉ ላይ ወድቆ ነው። ያስታመመችው እናት ወይም እኅት ተከትላው ሄዳ እንደ ሆነ ደግሞ የአሟሟቱን ታሪክ የሚናገርለት እንኳ አይገኝም። እንዲህ ላለው ሞት ኪነ ጥበብ ምን ቅርፅ አላት? ይህ ጥያቄ የቀራጺው ወይም የሠዓሊው ብቻ አይደለም፤ ሙታኑን ቀብሮ ኑሮውን የቀጠለ ከተማ ሁሉ ጥያቄ ነው።

ጎንደር ይህን ጉዳይ ለመመርመር ተስማሚ ከተማ ናት። በድንጋይ ማስታወስ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዐፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ ታውቃለችና። የነገሥታቱ ግቢ እ.አ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልትም በአደባባይዋ ቆሟል። ሊጎበኛት የመጣ እንግዳ ወደ ግንቡ፣ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ወደ ቁስቋም፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይመራል። በእነዚሁ ስፍራዎች የሚነገረው ታሪክ የንግሥና፣ የሕንፃና የጦርነት ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ የጎንደር የበሽታ ታሪክ ከግንቦቿ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን የሄደ ነው፤ በአንዳንድ ስፍራም አንዱ ከሌላው ሊነጠል አይችልም።

ለዚህ ቁስቋም ራሱ ምስክር ነው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር በደረሰ ጊዜ በእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። የእቴጌዪቱ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጆችም ታመው ስለ ነበር እንግዳው እንዲያስታምም ተጠየቀ። ብሩስ በጻፈው የጉዞ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፈተ፤ ቤቱን በሞቀ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠበ፤ በዕጣንና በከርቤም አሳጠነ። እንግዲህ ከአንድ መቶ አምሳ ዓመት ያህል በኋላ በአዲስ አበባ የኅዳር ልማድ የሚሆነው ተግባር፣ ማለትም በሽታን በጢስ ማባረር፣ በጎንደር ቤተ መንግሥት ውስጥ ተፈጽሞ ነበር ማለት ነው። የቁስቋም ፍርስራሽ የእቴጌዪቱን ክብር የሚያስታውሰውን ያህል በዚያ ቤት ያተኮሱትንና የሞቱትንም ሊያስታውስ ይገባዋል።

ከዚያም ወዲህ ጣና ዙሪያ ያለው አገር ከወረርሽኝ አላረፈም። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ኮሌራ በዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ውስጥ ገብቶ፣ ከዘጌ እስከ ቆራጣ ሰፈሩን ሬሳ በሬሳ አደረገው። በእስር ላይ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ፣ ሠራዊቱ ወደ በጌምድር ደጋ እንዲወጣና እንዲበታተን ንጉሠ ነገሥቱን እንደ መከረ ጽፏል። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ደግሞ የከብት እልቂት፣ ረኀብና ተስቦ ተከታትለው የመጡበት፣ ሕዝቡ ሌላ ስም ሳይፈልግለት «ክፉ ቀን» ብሎ የጠራው ዘመን ሆነ። ይህ ስያሜ ራሱ የሕዝብ ኪነ ጥበብ ሥራ ነው። ሁለት ቃል ብቻ ይዞ ከብዙ ሐውልት ይልቅ ረዥም ዕድሜ አግኝቷልና። ሆኖም ዘመኑን ይሰይማል እንጂ ሰዎቹን አይሰይምም። ይህ ጉድለት በኋላም ተደጋግሞ ይታያል።

ጥያቄው የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ጸሐፊዎች መተው በተቻለ ነበር። ነገር ግን መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 27 ቀን የመጀመሪያዎቹ ሞቶች ተመዘገቡ፤ መጋቢት 30 ቀን ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃት እስኪያስታውቅ ድረስ በአገሪቱ በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ደረሰ። ይህ አኃዝ የተመረመረውንና የተመዘገበውን ብቻ የሚናገር ነው። ከእነዚያ ሙታን ከፊሎቹ የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች ናቸው። ቤተ ሰቦቻቸው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሐዘናቸውም ገና አልደረቀም። ስለዚህ «ከተማ በወረርሽኝ የሞቱባትን እንዴት ታስታውስ?» የሚለው ጥያቄ ዛሬውኑ መልስ የሚሻ ነው።

ለመልሱ መነሻ ሊሆን የሚችል አንድ አገር በቀል መታሰቢያ አለ። እርሱም «ኅዳር ሲታጠን» ነው። እ.አ.አ. በ1918 ዓለሙን ያዳረሰውና በአንዳንድ ግምት እስከ አምሳ ሚሊዮን ሕዝብ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የበረታው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነበር፤ ከዚህም የተነሣ «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተሰኘው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 ሰው በላይ መሞቱን፣ እርሳቸውም በጽኑ ታመው መትረፋቸውን መዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ነዋሪው ግቢውንና ሰፈሩን ጠርጎ ቆሻሻውን እየሰበሰበ በደጃፉ ያነዳል። የጠዋቱ ሰማይ በጢስ ይሸፈናል።

ይህን ልማድ እንደ አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ መርምሮ ዋጋውን መስጠት ይገባል። ደራሲው ያልታወቀ፣ መድረኩ ከተማው በሙሉ፣ ተዋናዩም ሕዝቡ የሆነ ትርኢት ነውና። የመጀመሪያው ጥንካሬው ተመልካች የሌለው መሆኑ ነው። በሐውልት ፊት ሰው ቆሞ ያያል፤ ይሄዳል። በኅዳር 12 ግን ዳር ቆሞ ማየት የለም፤ እያንዳንዱ ቤት መጥረጊያ ማንሣት አለበት። ሁለተኛው ጥንካሬው ሕዝቡ በማይረሳው ቀን ላይ መተከሉ ነው። ዐዋጅና ደብዳቤ ሳያስፈልገው የሚካኤልን በዓል ተከትሎ በየዓመቱ ይመለሳል። ሦስተኛውም መሣሪያው ሽታ መሆኑ ነው። ዓይን የለመደውን ነገር ማየት ያቆማል፤ ጢስ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይገባል። አንድ ልማድ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ሥርዐት ሲያልፍ ሥርዐት ሲተካ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ መዝለቁ የእነዚህ ሦስት ጠባዮች ውጤት ነው።

ጉድለቱም እዚያው ከጥንካሬው አጠገብ ይገኛል። ስሙን ልብ ብሎ ላዳመጠ ሰው «ኅዳር ሲታጠን» የሚለው ሐረግ ማሰሪያ አንቀጽ የሌለው ነው። ሲታጠን ምን ይሆናል? ማን ይታወሳል? ማን ይለቀስለታል? ሐረጉ አይናገርም። የሚታጠነው ወሩ ነው፤ በወሩ ውስጥ ያለቁት ሰዎች ከዐረፍተ ነገሩ ወጥተዋል። ለብዙ ወጣት ዕለቱ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ብቻ መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። ድርጊቱ ተወረሰ፤ ቃሉ ሳይወረስ ቀረ።

ቃል የተለየው ድርጊት ደግሞ ውሎ አድሮ በራሱ ዓላማ ላይ ይነሣል። ቀድሞ የሚነደው ቅጠል፣ ገለባና ጭራሮ ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ፣ አሮጌ ጎማና ላስቲክ ተጨምሮበታል። ይህ ጢስ ሳንባን ይጎዳል። የኅዳር በሽታ ሕዝቡን የገደለው በሳንባ በኩል ነበር። በሳንባ በሽታ የሞቱትን ለማሰብ የሕያዋንን ሳንባ በመርዝ ጢስ መሙላት ቅርፅ ይዘቱን ሲክድ የሚታይበት ግልጽ ምሳሌ ነው። እንዲህ ሲባል ልማዱ ይቅር ማለት አይደለም። ልማዱ በተጀመረበት ጊዜ የያዘው ሐሳብ፣ ማለትም «ሰፈርህን አጽዳ፤ ጎረቤትህን አድን» የሚለው፣ ዛሬ ከእሳቱ ይልቅ በመጥረጊያው ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ሌላው ዓለም ከዚህ ችግር ጋር እንዴት እንደ ታገለ መመልከት ይጠቅማል። የጣሊያኗ ቬኒስ እ.አ.አ. በ1630ና በ1631 ከሕዝቧ ሲሶውን ያህል በወረርሽኝ ስታጣ፣ የከተማዋ ሸንጎ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ለመሥራት ተሳለ። ቤተ ክርስቲያኑ «ሳሉቴ»፣ ማለትም «ጤና»፣ የሚለውን ስም ያዘ። በየዓመቱ በበዓሉ ቀን በታላቁ የውኃ ቦይ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡም በዚያ ተሻግሮ ሻማ ያበራል። ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ነው፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 12 ላይ ይውላል። ሁለቱ ከተሞች ሳይተዋወቁ በአንድ ቀን፣ አንዱ በሻማ ሌላው በጢስ፣ የበሽታ ሙታናቸውን ያስባሉ። በጀርመን አገር ያለችው ኦበራመርጋው የተባለች መንደርም እ.አ.አ. በ1633 ወረርሽኝ ሲመጣባት የክርስቶስን ሕማማት በቴአትር ለማሳየት ስእለት ገባች። ትርኢቱ በየዐሥር ዓመቱ እስከ ዛሬ ይታያል። የ2020ው ትርኢት በአዲሱ ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2022 መተላለፉም ራሱ አስተማሪ ነው።

በቅርቡ ከተሠሩትም መካከል አንዱ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። በለንደን ከተማ፣ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ከወንዙ ማዶ ባለ ረዥም ግንብ ላይ፣ እ.አ.አ. ከማርች 2021 ጀምሮ ሐዘንተኞች ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ቀይ ልብ ሣሉ፤ በልቦቹም ውስጥ የሟቾችን ስም በእጃቸው ጻፉ። የመጀመሪያው ቀለም በፀሐይና በዝናብ እየደበዘዘ ሲሄድ ፈቃደኞች እየተመላለሱ ልቦቹን መልሰው ይቀባሉ። የሥራው ውበት ያለው በዚህ ድክመቱ ነው። ደብዛዛነቱ የሚመለስ እጅ ይጠራል፤ የተመለሰ እጅ ሁሉ ደግሞ አንድ ስም ያነባል። በ«ኅዳር ሲታጠን» የጠፋው የስም ንባብ እዚህ ተገኝቷል፤ በየጊዜው የሚመለሰው ተግባርም አልቀረም።

ታዲያ ስምን ከሥራ ጋር ማዋሐድ ለጎንደር እንግዳ ትምህርት ነውን? አይደለም። የጎንደር አገር ደብተራዎች ለዘመናት የጻፏቸው የብራና ክታቦች ይህን ጥበብ ተሸክመው ይገኛሉ። ክታብ በብዙ ሰው ዘንድ የአጉል እምነት ዕቃ ተደርጎ ይታያል፤ ስለ መድኃኒትነቱም ሳይንስ የራሱን ፍርድ ሰጥቷል። በቅርፁ ግን አስደናቂ ሥራ ነው። ብራናው ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ሲሆን፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቀው ታስቦ ነው። በጸሎቱ መካከል ክፍት ቦታ ይተዋል፤ በዚያም የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ በጦሩ ሲወጋ የሚያሳየው ሥዕል፣ ልጆቿ ለሞቱባት እናት የተሣለ የሐዘን ሥዕል ነው። ባለሥልጣን ሳይሆን ሕመምተኛ በስሙና በቁመቱ የገባበት የኪነ ጥበብ ሥራ ከተፈለገ በዚህ አገር ከክታብ የሚቀድም አይገኝም። ዘመናዊ ሠዓሊ ከዚህ ቅርፅ የሚማረው ብዙ አለ። የእምነቱን ይዘት መቀበል ሳያስፈልገው፣ አንድ ሰው በቁመቱ ልክ ሊታወስ እንደሚችል ከብራናው ይረዳል።

ስምን የሚጠራው ሌላው የሕዝብ ጥበብ ለቅሶ ነው። በሰሜኑ አገር አልቃሽ ስትነሣ ሟቹን በጥቅሉ አታለቅሰውም። ስሙን ትጠራለች፤ አባቱን፣ አገሩን፣ ሙያውን፣ ደግነቱን፣ አንዳንዴም ጉድለቱን ታነሣለች። ሐዘንተኛው ይቀበላታል፤ ደረት ይመታል፤ አንዱ ስለ አንዱ ሞት ሲያለቅስ ሌላው የራሱን ሙት ያስታውሳል። ከቀብሩ በኋላ ድንኳን ይተከላል፤ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ፣ ተዝካሩ እየተከተሉ ሐዘኑን በጊዜ መጥነው ያሳልፉታል። ይህ ሥርዐት ሰውን ከሞት በኋላ ለብቻው የማይተው ታላቅ የጋራ ድርሰት ነው።

የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ የመታው ይህንኑ ድርሰት ነበር። ዐዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ምክንያቱም ትክክለኛ ነበር፤ መሰባሰብ በሽታውን ያዛምታልና። ሆኖም የለቅሶ ጥበብ የሚኖረው በመሰብሰብ ነው። ተቀባይ የሌላት አልቃሽ አልቃሽ አይደለችም። የዕድር ጥሩምባ ዝም ሲል፣ ድንኳኑ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ፣ ጎረቤት በሩቅ ቆሞ እጅ ሲነሣ፣ ሟቹ ሞተ እንጂ አልተለቀሰለትም። በኅዳር በሽታ ጊዜም እንዲሁ ሆኖ ነበር። ቀባሪ ጠፍቶ ሬሳ በየቤቱ የቀረበት፣ ሰው ለሰው መድረስ ያልቻለበት ወር ነበርና። የወረርሽኝ ሞት ከሌላው ሞት የሚለየው ሟቹን ከሕይወት ብቻ ሳይሆን ከለቅሶውም ስለሚነጥለው ነው። ስለዚህ የወረርሽኝ መታሰቢያ የመጀመሪያ ግዳጁ የተቋረጠውን ለቅሶ መጨረስ ነው። ይህን የማይፈጽም መታሰቢያ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ከጌጥ አያልፍም።

የጽሑፉ ዓለም በዚህ ረገድ ምን አበረከተ? መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስን የመሰሉ የዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ያዩትንና የሰሙትን ባይመዘግቡ ኖሮ የኅዳር በሽታ ከጢሱ በቀር ምልክት ባልቀረው ነበር። ውለታቸው ትልቅ ነው። ነገር ግን የዘመን ታሪክ በጠባዩ የሚያተኩረው በታላላቅ ሰዎች ሕመምና በጠቅላላው የሟች ቁጥር ላይ ነው። ከመሳፍንቱና ከ«ዐሥር ሺሕ» መካከል ያለው ሰው፣ እንጨት ሻጩ፣ ውኃ ቀጂዋ፣ የቆሎ ተማሪው፣ በታሪክ ጸሐፊ ሳይሆን በልብ ወለድ ደራሲና በባለ ቅኔ የሚደረስለት ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ስለ ጦርነቱና ስለ ረኀቡ የጻፈውን ያህል ስለ ወረርሽኙ ቢጽፍ ኖሮ፣ «ኅዳር ሲታጠን» የጎደለውን ማሰሪያ አንቀጽ ባገኘ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጎንደር ያላትን አንድ ታላቅ መታሰቢያ መጥቀስ ግድ ይሆናል። ይህ መታሰቢያ መታሰቢያ ተብሎ አይጠራም። ከጣና በስተሰሜን በተዘረጋው የደምቢያ ሜዳ፣ በቆላ ድባ አካባቢ፣ እ.አ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚገመት ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በጎንደር ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎች በአንድነት የሚሠለጥኑበትና በቡድን ወደ ገጠሩ የሚወጡበት ትምህርት ቤት ነበር። እ.አ.አ. በ1958 ወባ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አገሮች ተነሥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሲያሳምምና 150,000 ያህል ሲገድል፣ እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ታየ። በ1971 ዓ.ም. ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረበት፤ ከዚያም እያደገ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

በመታሰቢያነቱ ሲመዘን ይህ ትምህርት ቤት ከብዙ ሐውልት ይበልጣል። የደምቢያ ገበሬ የሞተው ሐኪምና መድኃኒት ስላልደረሰለት ነበር፤ በእርሱ ሞት ምክንያት የተሠራው ቤት ለልጅ ልጁ ሐኪም አሠለጠነ። ሟቹ ያጣውን ለሕያው መስጠት ከመታሰቢያ ሁሉ የላቀው ነው። ነገር ግን ይህ ታላቅ ሥራም በሌላ በኩል ያው ጉድለት አለበት። «ኅዳር ሲታጠን» ድርጊት ያለ ቃል እንደ ሆነ ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱም ፈውስ ያለ ለቅሶ ነው። የምሥረታው ታሪክ ሲነገር ደምቢያ የሚጠራው እንደ ምክንያት ነው፤ ሰባቱ ሺሕ እንደ ቁጥር ያልፋሉ። ምክንያት የሆነ ሰው ገና ሰው ሆኖ አልታወሰም።

የማራኪ ስም እዚህ ላይ ይነሣል። የዩኒቨርሲቲው አንዱ ግቢ፣ የማኅበራዊ ሳይንስና የሥነ ሰብእ ትምህርት የሚሰጥበት፣ በጎንደር ማራኪ ነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚፈውሱትና የሚተርኩት ሁለቱም አሉ ማለት ነው። የሕክምናው ወገን ከደምቢያ ሞት የተወለደ ሲሆን፣ የቃሉ ወገን ደግሞ ያንን ልደት የመተረክ ዕዳ አለበት። በቆላ ድባና በአካባቢው ያሉ አዛውንት ወባው ያለፈበትን ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ይዘው ሳያልፉ፣ የ2012ና የ2013 ዓ.ም. ሐዘንተኞችም ያላወጡትን ለቅሶ ረስተው ሳይጨርሱ፣ ሙሾውን መሰብሰብ፣ መጻፍ፣ በመድረክ ማውጣት የማራኪ ሥራ ሊሆን ይገባል። ይህ ሲሆን የስፍራው ስም ትርጉሙን ያገኛል፤ መማረክ የሚገባው ዓይን ብቻ አይደለምና።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ክፍለ አገር በጦርነት ላይ ጦርነት ተፈራርቆበታል፤ አዲስ ሐዘን በአሮጌው ላይ ተደርቧል። «በጥይት የሞተው ሳይለቀስለት በበሽታ ለሞተው ማን ጊዜ አለው?» የሚል ቢኖር ሊፈረድበት አይገባም። ግን ሐዘን እንደ እህል በቁና ተሰፍሮ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጎድል ነገር አይደለም። ለአንዱ ሙት በሥርዐቱ ማልቀስ የለመደ ሕዝብ ለሌላውም ያለቅሳል፤ ሙታኑን በቁጥር ማሳለፍ የለመደ ግን በበሽታም በጥይትም የሞተውን በቁጥር ያሳልፋል። ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ይህኛው የሚነሣው መታሰቢያን ከእብነ በረድ ለይቶ ማየት ካለመቻል ነው።

የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በከተማው እጅ አለና። ስሙ በዕድር መዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። የዕድር ጸሐፊ የሟቹን ስም፣ ቀኑንና ለሐዘንተኛው የተከፈለውን ብር የሚጽፈው ለሒሳብ ብሎ ነው፤ ሳያስበው ግን ሐውልቶች የሌላቸውን የስም ዝርዝር ጠብቆ አኑሯል። ቀኑም ኅዳር 12 ሆኖ ተወስኗል። ይህ ቀን ወባ በሚበረታበት፣ ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ባለው ወራት መካከል የሚውል በመሆኑ ለጎንደርና ለደምቢያ ሌላ ትርጉምም አለው። ተግባሩም የታወቀ ነው፤ እሳቱ ቀርቶ መጥረጊያው ይቆያል፤ የቆመ ውኃ ይደፈናል፤ ቦዩ ይጠረጋል። ጢስ ካስፈለገም የዕጣን ጢስ ይበቃል፤ ቁስቋም ታውቀዋለች። የተጠቀለለው ድንኳን ለአንድ ቀን ይተከል፤ መዝገቡ ይገለጥ፤ በወረርሽኙ ዓመታት ያለ ለቅሶ የተቀበሩት በየስማቸው ይጠሩ፤ አልቃሽ ትነሣ፤ የተሰበሰበውም ይቀበላት።

ማንኛውም ሠዓሊ፣ ቀራጺ፣ ባለ ቅኔ ወይም የቴአትር ሰው ወደፊት ለጎንደር የወረርሽኝ መታሰቢያ ሊሠራ ቢነሣ የሚመዘንበት ሚዛን እንግዲህ ይህ ነው። ሥራው ስም ይጠራልን? ሕያዋንን በየዓመቱ ለአንድ ጠቃሚ ተግባር ያስነሣልን? የተቋረጠውን ለቅሶ ያስጨርሳልን? «ኅዳር ሲታጠን» ሁለተኛውን ብቻ ፈጽሞ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ፤ የ1947 ዓ.ም. ትምህርት ቤትም እንዲሁ። ክታብና ሙሾ አንደኛውን ጠብቀው አቆዩ። ሦስተኛው ገና ያልተሠራ ሥራ ነው። ተሠርቶ በተገኘ ቀን «ኅዳር ሲታጠን» የሚለው ሐረግ ማሰሪያ አንቀጹን ያገኛል፦ ኅዳር ሲታጠን የሞቱት በስማቸው ይጠራሉ።